ሜታቦሊዝምን «ያነሣሣሉ» የሚባሉ ምግቦችና የሰውነት ክብደት፦ ከባቲ ገበያ እስከ ላቦራቶሪ

ዘወትር ሰኞ የባቲ ገበያ ሲቆም ከአፋር ቆላ የሚወጣው ግመለኛ፣ ከወሎ ደጋ የሚወርደው ገበሬና ከቦርከና ሸለቆ ዳርቻ የሚመጣው ከብት አርቢ በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። በዚህ የቆየ ገበያ ከሚለዋወጡት ሸቀጦች መካከል አራቱ ለሕክምና ታሪክ የተለየ ትርጉም አላቸው፤ እነርሱም በርበሬ፣ ቡና፣ ጫትና ጨው ናቸው። ሦስቱ ሰውነትን ያሞቃሉ፣ ድካምን ያባርራሉ፣ ረሃብን ያስታግሳሉ ተብሎ ለዘመናት ሲነገርላቸው ኖሯል። ለአራተኛው እንዲህ ያለ ዝና የሰጠው ሰው የለም። ይሁን እንጂ የሰውነትን እሳት በእርግጥ የሚገዛውን ንጥረ ነገር ተሸክሞ ወደ እያንዳንዱ ቤት እንዲገባ የተመረጠው ይኸው አራተኛው ነው።

ከሚሴን ማዕከሉ ያደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚያቋርጠው አካባቢ ነው። መንገዱ ከሸቀጥና ከመንገደኛ ጋር የከተማ አኗኗርን፣ የታሸገ ለስላሳ መጠጥን፣ በዘይት የተጠበሰ ምግብንና ተቀምጦ የሚሠራ ሥራን አብሮ ያመጣል። በዚህም የተነሣ ክብደት የጨመረ ታካሚ ጤና ባለሙያውን «ስብ የሚያቃጥል ምግብ የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ዛሬ የሚያስገርም አይደለም። ታካሚው ብዙውን ጊዜ መልሱን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ዝንጅብል በሎሚ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ሚጥሚጣ፣ ስኳር የሌለው ቡና፣ አንዳንዴም ጫት። ጥያቄው አዲስ ቢመስልም ረጅም ታሪክ አለው። ከዚያ ታሪክ ውስጥ እጅግ ከባዱ ምዕራፍ የተጻፈውም እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ ሕዝቡ ጉልበቱን እንዴት እንደሚያቃጥል ሳይሆን የቀረችውን እንዴት እንደሚያቆያት ሲጨነቅ በነበረባቸው ዓመታት ነው።

ሰውነት ምግብን ወደ ሙቀትና ወደ ጉልበት የሚለውጥበት ሒደት፣ ማለትም ሜታቦሊዝም፣ በእርግጥ የእሳት ዘመድ መሆኑን በመለኪያ ያሳየው ፈረንሳዊው ላቯዚየ ነው። እርሱና ላፕላስ እ.ኤ.አ. ከ1782 እስከ 1783 ባለው ክረምት ጊኒ ፒግ የተባለችውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው፣ የቀለጠውን በረዶ እንስሳዋ ከተነፈሰችው አየር ጋር አነጻጸሩ። ከዚያ ወዲህ በነበረው ምዕተ ዓመት የጀርመን ፊዚዮሎጂስቶች፣ በተለይም ማክስ ሩብነር፣ ምግብ ራሱ ለመፈጨትና ለመዋሐድ ሙቀት እንደሚያስወጣ ደረሱበት። ፕሮቲን ከያዘው ጉልበት ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ካርቦሃይድሬት ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ቅባት ደግሞ ከ3 በመቶ የማይበልጥ ለዚሁ ተግባር ያጠፋሉ። እንግዲህ «ሜታቦሊዝምን የሚጨምር ምግብ አለ ወይ?» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ ማንኛውም ምግብ ይጨምራል። በተቀላቀለ ገበታ ላይ ጭማሪው ከተበላው ጉልበት 10 በመቶ ያህል ስለሆነ ግን ቀሪው 90 በመቶ በሰውነት ውስጥ ይቀራል። በልቶ በመክሳት ያተረፈ ሰው አልታየም።

የበርበሬ ጉዳይ ከዚህ ለየት ይላል። በርበሬ የኢትዮጵያ ማዕድ ነባር ቅመም ይመስላል እንጂ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት እዚህ አልነበረም። ከእርሱ በፊት የሚያቃጥለውን ጣዕም የሚሰጡት ዝንጅብል፣ ጥምዝና ሌሎች ቅመሞች ነበሩ። በርበሬ የሚያቃጥለው በውስጡ ያለው ካፕሳይሲን ሙቀትን የሚለየውን የነርቭ ተቀባይ ስለሚነካ ነው። ይህን ተቀባይ ያገኙት ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙ ሲሆን፣ ጁሊየስ በ2021 ለኖቤል ሽልማት በቅተዋል። አንጎል በርበሬን የሚቀበለው እንደ ሙቀት ነው፤ ላብም የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያልበው ሰው ስብ እየቀለጠለት እንደሆነ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሄንሪና ኤመሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 እንግሊዝ አገር ባካሄዱት ሙከራ በምግብ ላይ 3 ግራም የሚጥሚጣ ድልህና 3 ግራም የሰናፍጭ ድልህ ጨምረው አበሉ። የተመጋቢዎቹ ሜታቦሊዝም በሦስት ሰዓት ውስጥ በአማካይ በ25 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ አኃዝ ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም ሲጠቀስ ኖሯል፤ ሲጠቀስ ግን ስሌቱ ይዘለላል። ዐርፎ የተቀመጠ ጎልማሳ በሰዓት ከ60 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። የዚህ 25 በመቶ ለሦስት ሰዓት ቢቆጠር 50 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ ይህም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ያሳዩት ውጤትም በአብዛኛው ከዚህ ያነሰ ነው። ለወሎ ተመጋቢ ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሙከራ በርበሬ የምግብ ፍላጎትን የቀነሰው በተለይ ማቃጠሉን ላልለመዱት ሰዎች ነበር። ጡት ከጣለ ጀምሮ በበርበሬ ወጥ ላደገ ሰው ሚጥሚጣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ማለት ከልምድም ጋር አይሄድም፤ ወጡ ሲጣፍጥ እንጀራ ይጨመራል።

ቡናም እንዲሁ ነው። ዱሎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት 100 ሚሊ ግራም ካፌይን በዕረፍት ላይ ያለን ሰው ሜታቦሊዝም ለሁለት ሰዓት ተኩል ከ3 እስከ 4 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳዩ። ይኸው መጠን በየሁለት ሰዓቱ እየተደጋገመ ለግማሽ ቀን ሲሰጥ ቀጭን ሰዎች በቀን 150 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ አቃጠሉ። ቀድሞ ወፍራም የነበሩትና ክብደታቸውን የቀነሱት ግን ያቃጠሉት ጭማሪ 79 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነበር። ማለትም ጥቅሙን የሚሻው ሰው ያገኘው፣ ጥቅሙን የማይሻው ካገኘው ግማሽ ያህሉን ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ በሁለት በሁለት ማንኪያ ስኳር ሲጠጡ 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይገባል፤ ቆሎውና ዳቦው ገና አልተቆጠረም። ያለ ስኳር የሚጠጣ ቡና መልካም ልማድ ነው፤ መልካምነቱ ግን ካልተጨመረው ስኳር እንጂ ከሚነድደው ስብ አይደለም።

በዚህ አካባቢ ረጅሙን ታሪክ የያዘው ጫት ነው። ጫትን ከሚጠቅሱ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ የ14ኛው ምዕተ ዓመት የንጉሥ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ሲሆን፣ በውስጡም የይፋቱ ገዥ ሰብረ ዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት ሲፎክር ይታያል። ይፋት ከዛሬው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በስተደቡብ የሚዋሰን ምድር ነው። ስለዚህም ቅጠሉ በዚህ ግርጌ ከተማዎች ከመቆርቆራቸው በፊት ይታወቅ ነበር ማለት ይቻላል። ተክሉን በአውሮፓ ሳይንስ መዝገብ ያስገባው ፔተር ፎርስኮል እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ሕይወቱ አልፎ፣ ጽሑፉን በ1775 ያሳተመለት የጉዞ ባልደረባው ካርስተን ኒቡር ነው።

በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ጫት ከዱዓና ከወዳጃ፣ ከዕጣንና ከቡና ጋር የተቆራኘ ነው። ሌሊቱን በጸሎት የሚያነጋ ጉባኤ እንቅልፍንና ረሃብን የሚያርቅ ነገር ይሻል። ለአራሹና ለከብት ጠባቂውም አገልግሎቱ ይኸው ነበር፤ ቀኑን ያለ ምሳ ለመዋል ያስችለዋል። ጫት ክብደት ይቀንሳል የሚለው የዛሬው ወሬ ያደገው ከዚህ ልምድ ላይ ነው። ልምዱ ሐሰት አይደለም። የተሳሳተው ትርጓሜው ነው።

ለምን እንደሆነ የኬሚስትሪው ታሪክ ያስረዳል። ከቅጠሉ ካቲን የተባለው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1930 ተለየ። ይሁን እንጂ ካቲን ብቻውን የጫትን ኃይል አያብራራም ነበርና፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ላቦራቶሪ ከትኩስ ቅጠል ካቲኖንን አወጣ። ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር በአወቃቀርም በአሠራርም የቀረበ ነው፤ ቅጠሉ በደረቀ ቁጥር ግን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ጫት ነጋዴ በቅጠል ጠቅልሎ፣ ውኃ አርከፍክፎ፣ በፍጥነት የሚያጓጉዘው ይህን ኬሚስትሪ ከላቦራቶሪው አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው።

ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ሜታቦሊዝምንም በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል። ረሃብን የሚያስታግሰው ግን ብዙ በማቃጠል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት ጫት የቃሙ ጤናማ ሰዎች ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበት ጊዜ ረዝሞ ተገኝቷል። በ2008 በታተመ ሌላ አነስተኛ ሙከራ ደግሞ የረሃብ ስሜት ሲቀንስና የጥጋብ ስሜት ሲጨምር፣ ግሬሊንና ፒ.ዋይ.ዋይ. የተባሉት የሆድ ሆርሞኖች አልተለወጡም። ስለሆነም ሥራው በዋናነት በአንጎልና በጨጓራ ላይ ነው። ሆዱ ባዶ ሆኖ ሳለ አንጎል አልተራብኩም ይላል፤ ጉልበት የተቆጠበ ይመስላል እንጂ አልተገኘም። ምርቃናው ሲበርድ የተዘገየው ምግብ በሌሊት ይበላል። በርጫው ላይ የሚቀርበው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲደመር ደግሞ ቅጠሉ ቀነሰ የተባለው ካሎሪ በጽዋ ይመለሳል።

የዚህ ቅጠል ዘመድ በአውሮፓ ፋርማሲ ውስጥም ለክብደት መቀነሻ ሲሸጥ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም። አምፌፕራሞን የተባለው መድኃኒት ካቲኖን ላይ ሁለት የኤቲል ቡድኖች ተጨምረው የተሠራ ሲሆን፣ ለአሥርት ዓመታት የምግብ ፍላጎት መቀነሻ ሆኖ ሲታዘዝ ቆይቷል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ከገበያ እንዲወጣ ወሰነ። ምክንያቶቹም በሳንባ የደም ሥሮች ላይ የሚያስከትለው የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ጥገኝነትና ነፍሰ ጡሮች ላይ ያለው ሥጋት ነበሩ። በተመዘነ ክኒንና በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ አደገኛ ሆኖ የተገኘው ሞለኪል ዘመድ፣ መጠኑ በማይታወቅ እሥር ቅጠል ውስጥ ሲሆን ለክብደት ቅነሳ ይመከራል ማለት አይቻልም። ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ጉዳዩ ከራሷ ክብደት በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከየመን የወጣ ጥናት ጫት የሚቅሙ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት ክብደት ዝቅተኛ መሆኑን አመልክቷል።

ረሃብን በቡናና በጫት ማስታገስ የመጨረሻ ዳርቻው ምን እንደሆነ ወሎ አይታዋለች። ከ1965 እስከ 1966 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ የገጠሩ ሕዝብ ወደ አውራ ጎዳናው ዳር ከተሞች ፈሰሰ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኮረም፣ መቀሌና ባቲ በዓለም ሁሉ ስማቸው የታወቀ የመጠለያ ጣቢያዎች ሆኑ። ባቲ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከአፋር ቆላና ከወሎ ተራሮች ተሰባስቦ ነበር። የሰኞው ገበያ ከተማ በየቀኑ አስከሬን የሚቀበርባት ከተማ ሆነች።

በእነዚያ ጣቢያዎች የሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች ያዩት የሜታቦሊዝም ትምህርት ከመጻሕፍት የጠነከረ ነበር። የተራበ ሰውነት እሳቱን ያበርዳል፤ የልብ ምቱ ይዘገያል፣ የሰውነት ሙቀቱ ይወርዳል፣ እንቅስቃሴው ያንሳል። በደጋማው ኮረም የሌሊቱ ብርድ ብዙዎችን የገደለው ሙቀት የሚያመነጭ አካል ስላልቀረላቸው ነው። ይህ ለውጥ በቁጥር ተለክቶ የተገኘው ከባቲ አርባ ዓመት አስቀድሞ ነው። አንሰል ኪይስ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ሚኒሶታ ላይ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ቀለብ አቆየ። ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል ሲያጡ፣ በዕረፍት ላይ የሚያቃጥሉት ጉልበት 40 በመቶ ገደማ ወረደ። ቅናሹ ሰውነታቸው ከማነሱ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የቀረው ሥጋም ራሱ ቀስ ብሎ መንደድ ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ሙከራ ውስጥ ለዚህ ርእስ የሚጠቅመው አንድ ትንሽ ዝርዝር ነው። ወጣቶቹ ረሃቡ ሲጠናባቸው በቡና፣ በጨውና በቅመም ላይ ተጣሉ። ቡናው እጅግ ስለበዛ ኪይስ በቀን ከዘጠኝ ስኒ እንዳይበልጥ ወሰነባቸው። ማንም ሳያስገድዳቸው ወደዚያው መሄዳቸው፣ የወሎ ገበሬ በችግር ዘመን ያደረገውን ማድረጋቸው ነው። በቀን ዘጠኝ ስኒ ቡና እየጠጡ ግን ሜታቦሊዝማቸው 40 በመቶ ወረደ። ካፌይን የሚጨምራት 3 ወይም 4 በመቶ በዚህ ጎርፍ ውስጥ የት እንደገባች አልታወቀችም። ስለ «ሜታቦሊዝም አነሣሽ» ምግቦች ከተጻፉ መጣጥፎች ብዙዎቹ ይህችን አንድ እውነታ ቢያነቡ ኖሮ ባልተጻፉ ነበር። ክብደት የሚቀንስ ሰው ሁሉ፣ በፈቃዱም ይሁን በረሃብ፣ የሚታገለው ከዚህ የቁጠባ ሥርዓት ጋር ነው። ዝንጅብል ሥርዓቱን አያታልለውም።

የበረደ ሰውነትን ባንድ ጊዜ ማንደድም ሌላ አደጋ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእሥር ካምፖች የወጡ ሰዎች ምግብ ጠግበው በበሉ ማግሥት ይሞቱ እንደነበር ተመዝግቧል። ምግቡ ኢንሱሊንን ይቀሰቅሳል፤ ኢንሱሊን ፎስፌትንና ፖታስየምን ከደም ወደ ሕዋሳት ይገፋል፤ የደከመ ልብ ይህን አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለከፋ የምግብ እጥረት የተጋለጠ ሕፃን በመጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የተባለው፣ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ የያዘ ወተት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በጤና ጣቢያ የማረጋጊያ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ነርስ፣ ሜታቦሊዝምን ቀስ ብሎ ማስነሣት ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በተሻለ ያውቃል።

ታዲያ ሜታቦሊዝምን በእርግጥ የሚያጋግል ነገር ፈጽሞ አልተገኘምን? ተገኝቷል፤ ታሪኩ ግን የሚያኮራ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የጥይት ፋብሪካዎች ውስጥ ዳይናይትሮፌኖል ከተባለ ኬሚካል ጋር የሚሠሩ ሠራተኞች እያላባቸው ከሱ፤ ጥቂቶቹም በትኩሳት ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1933 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከቲንግና ቴይንተር ይህንኑ ለክብደት መቀነሻ አቀረቡት። ኬሚካሉ ሕዋሳት ከምግብ የሚያወጡትን ጉልበት ሥራ ላይ እንዳይውል አድርጎ ወደ ባዶ ሙቀት ይለውጠዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ 100,000 ያህል ሰዎች ወሰዱት። የዓይን ሞራ ግርዶሽና ከቁጥጥር ውጪ በወጣ የሰውነት ሙቀት የመጣ ሞት ተከተለ፤ በ1938 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ዛሬም በድብቅ ስለሚሸጥ፣ «ስብ አቃጣይ» ዱቄት ወስዶ በከፍተኛ ትኩሳት የሚመጣ ወጣት ቢያጋጥም ሊታሰብ ይገባል።

ሌላው የታይሮይድ እጢ ነው። ከ1890ዎቹ ጀምሮ የእንስሳት ታይሮይድ ተፈጭቶ ለማክሳት ይሰጥ ነበር፤ ያከሳል፣ ከስብ ጋር ግን ጡንቻንና አጥንትን ይወስዳል፣ ልብንም ያናውጣል። እዚህ ላይ ነው የባቲ አራተኛ ሸቀጥ ወደ ታሪኩ የሚመለሰው።

ታይሮይድ ሆርሞን ያለ አዮዲን አይሠራም። ኢትዮጵያ ውስጥ በደጋው አፈር አዮዲን በዝናብ ታጥቦ ስለሚያልቅ እንቅርት ለዘመናት የተለመደ ሕመም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች 35.8 በመቶ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። አዮዲን የሌለው የአፍዴራ ጨው በአገሪቱ ገበያ በሰፊው ይሸጥ በነበረበት ዘመን ሰውነታቸው የከበደ፣ ብርድ የሚበዛባቸው፣ የሚደክሙና ክብደት የሚጨምሩ ሴቶች መካከል ምክንያቱ የታይሮይድ መዳከም የሆነባቸው ይኖሩ ነበር። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ደንብ ቁጥር 204 ካወጣ በኋላ ለውጡ ፈጣን ሆነ። በዚያው ዓመት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ 15 ቤቶች ውስጥ ነበር፤ በ2016 ጥናት ከመቶ 89 ውስጥ ተገኘ።

እንግዲህ ከአራቱ ሸቀጦች ሜታቦሊዝምን በእርግጥ ያስተካከለው ማንም «አነሣሽ» ብሎ ያልጠራው ጨው ነው። እርሱም ቢሆን የጎደለውን ይሞላል እንጂ ከመጠን በላይ አያነድም። አዮዲን የማይጎድለው ሰው ጨው በማብዛት የሚያተርፈው የደም ግፊት ነው። ለብዙ ዓመት ጉብ ጉብ ያለ እንቅርት ይዞ የኖረ ሰው ደግሞ አዮዲን በድንገት ሲበዛበት እጢው ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል፤ ልቧ የሚመታባትና ያለ ምክንያት የምትከሳ አሮጊት ስትመጣ ይህን ማስታወስ ይገባል።

አብሽና ጥቁር አዝሙድ በአጭሩ ቢነሡ ይበቃል። አብሽ በያዘው አሠር ምክንያት ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ስለሚያዘገይ ለስኳር ሕሙማን የሚጠቅምበት መንገድ አለ፤ መድኃኒት ከሚወስዱ ጋር ሲሆን ስኳር ከሚገባው በላይ ሊወርድ ስለሚችል ታካሚው እንዲናገር ማድረግ ያስፈልጋል። ከሜታቦሊዝም ማፋጠን ጋር ግን ሁለቱንም የሚያገናኛቸው ጠንካራ ማስረጃ የለም።

ጉዳዩ የምግብ ተረት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ በተበቃ ነበር። ችግሩ ማን እንዲከሳ እየተመከረ ነው የሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከመቶ ሴቶች 22ቱ ከመጠን በላይ ቀጭን፣ 8ቱ ደግሞ ከመጠን በላይ ወፍራም ነበሩ። ሁለቱ በአንድ ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ይጠብቃሉ። የስኳር ሕመም ሲገኝ «ክብደት ቀንስ» የሚለው የተለመደ ምክር የመጣው ሕመሙ ከውፍረት ጋር ከተያያዘባቸው አገሮች ነው። በጎንደርና በጅማ የሚሠሩ ሐኪሞች ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ በገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ድሃና ቀጫጭን ወጣቶች መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና ይከፈት ሲሉ ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 ተቀብሎ በ1999 ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበር። በ2022 ሕንድ ውስጥ ቬሎር ላይ የተሠራ ጥናት የእነዚህ ሕሙማን ዋና ጉድለት የኢንሱሊን ማነስ እንደሆነ ካሳየ በኋላ፣ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 «ዓይነት 5» የሚል ስም ሰጥቶታል።

እንዲህ ላለው ታካሚ ቁርስ መተው፣ ጫት መቃም ወይም በባዶ ሆድ ዝንጅብል በሎሚ መጠጣት ጉዳት እንጂ ሕክምና አይደለም። በዝርዝር ሊጠየቅ የሚገባው ክብደቱ በዚህ ዓመት ወጣ ወይስ ወረደ፣ በልጅነቱ ምን ገጠመው፣ የት ተወለደ የሚለው ነው። በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ ወረዳ በተካሄደ ጥናት፣ በረሃቡ ዘመን በማሕፀንና በጨቅላነት የነበሩ ሰዎች በጎልማሳነታቸው ቁመታቸው አጥሮ ተገኝቷል። በ1977 ዓ.ም. ባቲ መጠለያ አጠገብ የተወለደ ሕፃን፣ ከተረፈ፣ ዛሬ አርባ ዓመት አልፎታል፤ የደም ስኳሩና የደም ግፊቱ መለካት ያለበት ዕድሜ ላይ ደርሷል።